ለወፍ የወጣ ወንፈል

እኔ ደረሰ፣ በስልክ ወፍ የሚያድን ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። ጨዋታውን ወረታ ያስገባችው ደግሞ የገዛ እህቴ አምሳል ናት። ስልኩ ካርታ ላይ ወፍ ያሳይሃል፤ ለመያዝ በእግርህ ቦታው ድረስ መሄድ አለብህ፤ ባጃጅ ከተሳፈርክ ትበራለች። "እኔ ከሩዝ ላይ ወፍ ሳባርር አደግሁ፣ አንቺ ትጠሪያለሽ!" እላታለሁ። ትስቃለች።

በሐምሌ ማብቂያ፣ አንድ ሐሙስ፣ ከጎንደርም ከባሕር ዳርም ተጫዋች ተጠርቶ ከተማው ሙሉ ወፍ ሊያድን ሆነ። ትልቋ ወፍ የምትወጣው እስከ አሥር ሰዓት ከጠሪዋ ከአምሳል ሌላ መቶ ሰው እኛ ማሳ ራስጌ ካለው ዋርካ ሥር ከተሰበሰበ ብቻ ነው። ካልሞላ አምሳል ዓመት ሙሉ የለፋችበት መና ይቀራል።

ጠዋት ዝናቡ ዶፉን ለቀቀው። የመጣው ሰማንያ ስምንት ሰው ብቻ! አምሳል ወደ ማሳችን መገንጠያው ላይ ቆማ ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች። ከዚያ ምን አደረገች መሰላችሁ? ክረምቱን በሰው ሩዝ ውስጥ አጎንብሳ ስታርም ያፈራችውን ወንፈል ጠራች! አሥራ ሁለት ገበሬ በተራቸው የእኛን ሊያርሙ ለሰኞ ቀጠሮ ነበራቸው፤ ዛሬ ለወፍ ከወጡ ብድሩ አለቀ። ማሳችንን አረም ውጦታል፤ ሳምንት ከዘገየ ሩዝ የለንም።

"አብደሻል? የዓመት ጉርሳችንን ለወፍ?"

"እንግዳ ጠርቼ አላፍርም" አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

የወንፈላችን ሽማግሌ አያ የኋላሸት የልጃቸውን ስልክ በላስቲክ ጠቅልለው ከፊት መጡ። ሌሎቹም ስልክ ያለው በስልኩ፣ የሌለው ተውሶ ተከተሉ።

እውነቱን ልናገር፤ ወደ ዋርካው አካሄዳቸው አስቀናኝ። የእንግዶቹ ነጭ ጫማ ጭቃ ሲውጠው፣ ገበሬዎቹ ውኃውን በዱላ እየለኩ "በዚህ! በዚህ!" ይላሉ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ሲደርሱ ስልካቸውን ሸጉጠው ተሳለሙ፤ እንግዶቹም ቆሙላቸው። ሰዓቱ እየሄደ አንድም ያጉረመረመ የለም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መቶኛው ስልክ ዋርካው ሥር ተከፈተ። ትልቋ ወፍ ወጣች፤ መቶ ሰው ባንዴ ጮኸ! አምሳል አለቀሰች። ምን ልደብቅ፣ ኮራሁባት። ዞር ስል ግን አረሙን አየሁ።

"ምን ያስተክዝሃል?" አሉኝ አያ የኋላሸት።

"ወንፈሉ አለቀ፣ አያ።"

"ማን አለህ? መራመድ ወንፈል ነው እንዴ? ወገብ ያልታጠፈበት ቀን አይቆጠርም!" ብለው ሱሪያቸውን ሰብስበው ማሳው ገቡ። ሰኞን አልጠበቁም። አሥራ አንዱም ተከተሏቸው።

እንግዶቹ ተያዩ። ከዚያ ስልካቸውን ዋርካው ሥር ከምረው እነሱም ዘው አሉ።

"ኧረ እሱ ሩዙ ነው! ሩዙን ተዉት!" እያልሁ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮኽሁ። ጥቂት ነቀሉብኝ፤ ይሁን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ማሳው ጠራ።

አያ የኋላሸት እግራቸውን እየታጠቡ ወደ እኔ ዞሩ። "እንግዲህ የሰማንያ ስምንት ሰው ወንፈል አለብህ። በምን ትመልሳለህ? እነሱ ማሳ የላቸውም።"

አንዲት የባሕር ዳር ልጅ ሰምታ "በጥቅምት የእኛ ከተማ ተራ ነው፤ ሰው እንዳያንሰን ፈርተናል" አለች።

ወንፈል በልቶ የቀረ እዚህ ፎገራ ላይ ሰው አይባልም። ስልኬን አውጥቼ ለአምሳል ሰጠኋት።

"በይ፣ ያን ወፍሽን ጫኝልኝ።"