የአባቴ ፉጨት

አባቴ አፏጭቶ አያውቅም። ይህን ዛሬ የምናውቅ እኔና ሳምሶን ብቻ ነን፤ እሱ ደግሞ ደንታም የለው።

በእኛ ዘመዶች ዘንድ ልጅ ለሞተ አባቱ ሙገሳ አይደረድርም፤ ነውር ነው። በተዝካሩ ቀን ድግሱ ተበልቶ ሲያበቃ የቤቱ ወዳጅ ይነሳና ሟቹን በግጥም ያነሳዋል። ስለዚህ እኔ ዝናሽ፣ የደብረ ብርሃኗ አማርኛ አስተማሪ፣ አፌን ይዤ ሳምሶንን ለመንኩት። ከእሱ የቀረበ ከየት ይመጣል? ከሰላ ድንጋይ ለትምህርት መጥቶ አንኮበር እኛው ቤት ያደገ፣ አባባ ከወንድሜ ከሞላልኝ እኩል ያለበሰው፣ ዛሬ በከተማው አንቱ የተባለ ገጣሚ ነው። አምና ተማሪዎቼ ፊት ቆሞ፣ "ስልክ ግጥም ሊጽፍላችሁ ይችላል፤ ስልክ ግን ሰው ሞቶበት አያውቅም" ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። እኔም ሞኟ መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ።

በተዝካሩ ቀን ተነስቶ አነበበ። እዚህች ላይ ሲደርስ ድንኳኑ በለቅሶ ተናጋ፦

ጉሙ መንገድ ሲጋርደው፣ ልጆቹ እንዳይሰጉ፣
ያፏጭ ነበር ከሩቅ ሆኖ፣ ከዳገቱ ጥጉ።

እማዬ ደረቷን መታች። ሞላልኝ፣ "እውነቱን ነው፣ ያፏጭ ነበር!" ብሎ ጮኸ። እኔም ያስታወስኩ መስሎኝ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ጉም ከቆላው ሲነሳ እማዬ ደጅ ወጥታ ጆሮዋን አቁማ ታዳምጣለች።

ክረምቱ ሳይወጣ የባልደረባዬ የመቅደስ አባት፣ የከባድ መኪና ሾፌሩ ጋሽ አለሙ ሞቱና ለተዝካራቸው ደብረ ሲና ወረድኩ። ግጥም እንዲያነብ የተጠራው ሳምሶን ነበር። መጀመሪያው ስለ መሪና ስለ ጎማ ነው፤ ደህና። ቀጥሎ ጉሙ መጣ። ልጆቹ እንዳይሰጉ መጣ። ጋሽ አለሙም ከዳገቱ ጥግ ያፏጩ ጀመር። መቅደስ አጠገቤ ሆና፣ "እንዴት አወቀ? በምን አወቀ?" እያለች ትንሰቀሰቃለች። እኔን ብርድ ብርድ አለኝ።

ከድንኳኑ ጀርባ ያዝኩት።

"አንተ፣ ይሄ የአባባ ግጥም አይደለም ወይ?"

አፈር አለ፤ ወዲያው ግን ፈገግ አለ። "ዝኑዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ለአባባ ልጽፍ ብቀመጥ ቃል አልመጣልኝ አለ። ስልኩን ጠየቅሁት። የአንኮበር ገበሬ፣ ደግ አባት፣ አገሩ ጉም ነው አልኩት፤ ጻፈልኝ። የዛሬውንም ስጠይቀው ያችኑ ደገማት።"

"ፉጨቱስ?"

"ከራሱ ያመጣው ነው። ሳየው ደስ አለኝና ተውኩት።"

"አባባ ሲመጣ በምን ነበር የምናውቀው?"

ያውቃላ! በቅሎዋን በመሳደቡ ነበር። "አንቺ ከይሲ፣ አንቺ የሰይጣን ቁራጭ" እያለ ዳገቱን ሲወጣ ሦስታችንም እየሳቅን ለበሩ እንሻማ ነበር። ስድቡን አስመስሎ እያወራ ሆዳችን እስኪያመን የሚያስቀን ራሱ ሳምሶን ነበር።

"በተዝካር ላይ ስድብ ይነበባል እንዴ?" አለኝ። "ደግሞ ሰው አለቀሰ አይደል? ምን ጎደለ?"

ትቼው ሄድኩ። ስልኩን አልቀየምም፤ ስልኩ አባባን አያውቀውም፣ ከማዕዱም አልቆረሰም። ሳምሶን ግን ቆርሷል። የማያውቀውን ሰው ባልሆነው ቢያሞግስ አንድ ነገር ነው። እሱ ግን አባቴን አውቆ፣ በእጁ ይዞ፣ በሌላ ሰው ለወጠብኝ። ከዳኝ፤ ሌላ ቃል አልፈልግለትም።

በሳምንቱ ቅዳሜ ለእማዬ ልነግራት ቆርጬ አንኮበር ሄድኩ። ጉሙ ግቢውን ሞልቶታል። እሷም እንደ ልማዷ ደጅ ቆማለች።

"እማዬ፣ አባባ ሲመጣ በቅሎዋን ይሳደብ አልነበር?"

"ኤዲያ! የምን በቅሎ?" አለችኝ ተቆጥታ። "እያፏጨ ነበር የሚመጣ። የሳምሶንን ግጥም ረሳሽው እንዴ? ነይ በይ፣ አንብቢልኝ።"

ወረቀቱን ከትራሷ ሥር አወጣችው። ፊቷን ሳየው የመጣሁበትን ነገር ተውኩትና አነበብኩላት። እያነበብኩም አባባን ከነስድቡ ልጠራው በልቤ ታገልኩ። ቃሉ አለ፤ ድምፁ ግን አልመጣልኝም።

ፉጨቱ ነው የመጣልኝ፤ ከነዜማው።