ያልተወለደችው ፍየል

ሌባ ከተባልኩ ዓመታት አለፉ። ፍየሏ እንኳ ብትኖር ባልከፋኝ፤ ጭራሽ አልተወለደችም።

ጉዱን ያመጣው ሄኒንግ የሚባል ፈረንጅ ነው። የእኛን የኦሉሃያ ቋንቋ ሊያጠና ከባሕር ማዶ ሐይቅ ዳር ያለችው ቡኮባችን ድረስ መጣ። «በእናንተ አፍ ግሱ እንደ ወሬው ልብስ ይቀይራል» ይላል፤ ማን እንዳደረገው ሲነገር አንድ ዓይነት፣ ምን እንዳደረገ ሲነገር ሌላ ዓይነት። እኔ እናገራለሁ እንጂ ልብሱን መቼ አይቼው!

የሰፈራችን ቄስ ቤት በረንዳ ላይ መቅረጫውን ተከለ፤ ሰው ሁሉ ሰምቶ እንዲያርመው ድምፅ ማጉያም ሰቀለበት። መላሹ ጎረቤቴ ሙታሾብያ ነበር። ስኳር የበዛበት ሻይ ስለሚሰጠው ከወንበሩ አይነሣም።

«ፍየሏን ማን ሰረቀ?» አለ ሄኒንግ፤ ለግሱ ሲል የፈጠራት ፍየል ናት።

ሙታሾብያ ዞር ሲል እኔን፣ ኮኩሹቢራን አየ። «ኮኩሹቢራ ናት የሰረቀችው!»

«ኮኩሹቢራ ምን ሰረቀች?»

«ፍየል ነዋ የሰረቀችው!»

«ገዛቻት ወይስ ሰረቀቻት?»

«ኧረ ሰረቀቻት!»

እንዲህ ሲሉ ዋሉ። ማጉያው እስከ ሐይቁ ያደርሰዋል።

ሄኒንግ ሄደ፤ ስርቆቱ ግን እኔ ላይ ቀረ። ውኃ ስቀዳ «ማ ኮኩ፣ ፍየሏ ወለደች?» ይሉኛል፤ «እናት ኮኩ» ማለታቸው ነው። ሙታሾብያም ሲደጋግመው አመነውና አጥሬ ላይ መጣ።

«ፍየሌን መልሺ!»

«አንተ፣ ፍየል መቼ ነበረህ?»

«ባይኖረኝ ምን ትሰርቂ ነበር?»

አብረውት የመጡት ሽማግሌዎች ተያዩና «ይኼስ እውነቱን ነው» አሉ።

ይህንንም ችዬው ነበር። ዘንድሮ ግን ልጄን ኬሚሌምቤን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡት ሰዎች የሙዝ ጠላዬን ሳይቀምሱ ተነሡ። «የፍየሏ ነገር ይለይለትና እንመለሳለን» አሉኝ። ልጄ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

በዚያው ሰሞን ሄኒንግ የድሮውን ቅጂ ላጣራ ብሎ ተመለሰ። ማልጄ ሄጄ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

«ማ ኮኩ፣ ወንበሩ የታታ ሙታሾብያ ነው» አለኝ፤ «ታታ» አባት መሆኑ ነው።

«እሱን ድምፁ ዘግቶታል።»

«ማንን? እኔን?» ብሎ ሙታሾብያ ጮኸ።

«ይኸው፣ ምኑ ይሰማል?» አልኩ።

ሄኒንግ መቅረጫውንና ማጉያውን ከፈተ። «ፍየሏን ማን ሰረቀ?»

«ማንም አልሰረቃት። ሙታሾብያ ነው ያረዳት።»

«ከዚያ ምን አደረጋት?»

«በላት።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻውን ነው የበላት። በሩን ዘግቶ።»

እኛ ዘንድ የሰረቀ ምሕረት ያገኛል፤ ሥጋ ብቻውን የበላ ግን አያገኝም። ሻዩ ሳይበርድ ሰው የሙዝ ቅጠሉን እንደ ሳህን ይዞ በረንዳውን ሞላው።

«አንተ ሙታሾብያ፣ የእኔ ድርሻ የታል?»

«ጉበቷን እንኳ ለአማትህ ሳትልክ!»

«እኔ እኮ ያኔ ጭሱ ሸቶኝ ነበር!»

ሙታሾብያ ማይኩን ከሄኒንግ እጅ ነጠቀው። «ኧረ ፍየል የለኝም! ኖሮኝም አያውቅም! በእናቴ አጥንት!»

ሄኒንግ ፊቱ በራ። «ግሩም ነው ታታ! ግሱን ቀስ ብለው ይድገሙልኝ።»

«ድገምለት እንጂ!» አልኩ።

መድገም ጀመረ። እኔም ከወንበሩ ሳልነሣ ልጄን የጠየቁት ሰዎች ቤት ሰው ላክሁ፤ ድምፁ ሳይዘጋ መጥተው እንዲሰሙት።