ዝም የሚባልበት ቦታ

«እስቲ ብርጭቆዎቹን አንሡልኝ፤ ጠረጴዛው ይፈለጋል» አለ ጫማ ሰሪው፣ በብብቱ የያዘውን ጥቅል ጨርቅ ሳያስቀምጥ።

ሐዘኑ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሻይ የያዙት ጎረቤቶች ሹክሹክታቸውን አቋረጡ። የሟች ልጅ፣ የሙዚቃ አስተማሪዋ፣ ከጥግ ወንበሯ ቀና አለች። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበር። ጫማ ሰሪው ደግሞ ሠላሳ ዓመት አንድ ሱቅ የተጋራው፣ አንዱ ሰውን ከላይ አንዱ ከታች ሲያለብሱ አብረው ያረጁ ጓደኛው ነው።

«አንተ ደግሞ! ለቅሶ ቤትም ሥራ ይዘህ መጣህ?» አለችው አክስቷ።

«የኔ አይደለም እቴ፣ የሱ የቤት ሥራ ነው። ‹ጨርሼ ለልጄ እስካሳያት አፍህን ስፋ› ብሎኝ ሰፍቼው ነበር። አሁን ለማን ብዬ ልቻለው?»

የቤት ሥራ ሲል ልጅቷን አንድ ነገር ደረቷ ላይ ወጋት።

አምና ነው፤ አባቷ በስድሳ ስምንት ዓመቱ የማስተማሪያ ክፍሏ በር ላይ ቆሞ፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ «እኔንስ ኖታ ብታስተምሪኝ?» አላት። ሳቀች። በክፋት አልነበረም፤ ግን ሳቀች። ቢሆንም ሦስት ቀን ያህል፣ እንደ ቆመች፣ አምስቱን መስመር አሳየችው፤ ረዘም ያለው ድምፅ ነጭ፣ አጠር ያለው ጥቁር ሆኖ እንደሚጻፍ ነገረችው። በሦስተኛው ቀን፣ «ዝም የሚባልበት ቦታስ? እሱ እንዴት ይጻፋል?» ብሎ ጠየቃት።

«ሌላ ቀን አባዬ፤ ተማሪ እየጠበቀኝ ነው።»

ያ ሌላ ቀን ሳይመጣ ቀረ። እሱም ደግሞ አልጠየቃት። ከሞተ ጀምሮ እንባዋን ያደረቀው ይህ ነው፦ ተቀይሟት ሄዶ ይሆን?

ጫማ ሰሪው ጨርቁን በተለቀቀው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። አምስት መስመር በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል። በመስመሮቹ ላይና መካከል የሸሚዝ ቁልፎች ተተክለዋል፤ አንዳንዱ ነጭ፣ አንዳንዱ ጥቁር።

«ሰውዬው እኮ ጤና አልነበረውም!» አለ ጫማ ሰሪው። «የደንበኛ ወገብ ሲለካ እንኳ አንድ-ሁለት-ሦስት-አራት እያለ በእግሩ ይመታል። አንዱን ቦርጫም አስጨፍሮት ነው የሸኘው።»

ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ አፈረ።

ልጅቷ ግን ጣቷን ከቁልፍ ወደ ቁልፍ እያስኬደች በለሆሳስ ማዜም ጀምራለች። አወቀችው። አባቷ የስፌት መኪናው ላይ ተጎንብሶ ሁልጊዜ የሚያዜማት ዜማ ናት። ጣቷ አንድ ቦታ ገባ አለ። ቁልፍ የለም፤ ዙሪያው በክር የተቀመቀመ ቀዳዳ ብቻ።

«እዚህ ጋ ቁልፉ ወድቋል» አለች አክስቷ።

«አልወደቀም» አለች ልጅቷ። ጣቷ ወደ ፊት ሄደ። ጠባብ ቀዳዳ፣ አንድ ምት። ሰፊ ቀዳዳ፣ ሁለት ምት። ልጅ ሆና ከመኪናው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ስትለቅም፣ አባቷ እያዜመ እያዜመ ድንገት ዝም ይል ነበር፤ ክሩን በጥርሱ ሲበጥስ። እያንዳንዷ ዝምታ በቦታዋ፣ በልኳ ተቀምጣለች! ሊቃውንት ስንት ዘመን የለፉበትን ነገር ይህ ሽማግሌ በሱሪና በሱሪ መሃል ብቻውን ደርሶበታል። እጇን ከጨርቁ አነሣች፤ መንካቱ ድፍረት መሰላት።

«ማን አሳየው?»

«ማን ያሳየዋል! ‹ድምፁ ቁልፍ ከሆነ ዝምታው ቀዳዳው ነዋ› አለኝ፣ እንደ ቀላል ነገር።»

«እኔን... ተቀይሞኝ ነበር?»

«ኧረ ምን በወጣሽ! ‹ሌላ ቀን ብላኛለች፤ ቀድሜ ደርሼ ልጠብቃት› ነበር የሚለው።»

እንባዋ ያን ጊዜ መጣ።

ከዜማው መጨረሻ፣ ከሁሉ ሰፊው ቀዳዳ ተቀዶ ግማሹ ብቻ ተቀምቅሟል። መርፌው ከነክሩ እዚያው ተሰክቷል። ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። ከመጀመሪያው ቁልፍ ጀምራ እያዜመች፣ ባልለመደ እጇ የቀረውን ጠርዝ ቀመቀመችው። መጨረሻዋን ድምፅ ጨርሳ ዝም አለች።

ጎንበስ አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።