ሦስተኛው የጋዝ ሰልፍ

ኤልሪክ የሚኖርባትን የሸራ ጀልባ ካሪያኩ ደሴት ወደብ ላይ በመልህቅ አቁሞ፣ ባዶ የጋዝ ሲሊንደር ተሸክሞ ሲሰለፍ ይኸው ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሁለቱን ቀን ዳንቪል የሚባል ዓሣ አጥማጅ ተራውን ቀምቶት ጋዙ አልቆ ተመልሷል። ሚስቱ ኦርሌን ጠዋት፣ "ዛሬም ባዶውን ይዘህ ከመጣህ እዚያው እደር" ብላዋለች።

ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ አንድ ሰው ብቻ ሲቀድመው፣ ከኋላ ኮሌታውን ይዞ የጎተተው ሰው አለ። ዞር ቢል ዳንቪል ነው።

"ስማኝ አንተ፣ ጀልባ..."

አላስጨረሰውም። በሲሊንደሩ አፉን አለው። ሲወድቅ ሆዱን በእርግጫ ደገመው፤ ጉሮሮውን በጉልበቱ ተጫነው።

"ዛሬም ተራዬን? ዛሬም?"

ሰልፈኛው ተረባርቦ አላቀቃቸው። ዳንቪል ደምና ጥርስ ተፋና ጣቱን ወደ ባሕሩ ቀሰረ። የኤልሪክ ጀልባ መልህቋ ተነቅሎ፣ ኦርሌን ላይዋ ቆማ እየጮኸች፣ ንፋሱ ወደ ባሕሩ ዳር ቋጥኝ ይነዳታል።

ኤልሪክ ሲሊንደሩን እንዳቀፈ ቁልቁል ሮጠ። ወደ ወደቡ በመጣባት ትንሽ ታንኳ እየቀዘፈ እንደማይደርስባት ገብቶት ውሃው ዳር ደርቆ ሲቀር፣ አጠገቡ የጀልባ ሞተር ተነሳ።

"ግባ፣ አንተ ደደብ" አለው ዳንቪል ደሙን በእጅጌው እየጠረገ። "ጥርሴን ስንመለስ እንተሳሰባለን።"