ባንኩ የሰጠን ወንበር

በክሊቭላንድ ምሥራቅ ሰፈራችን የነበረው ብቸኛ ባንክ ቅርንጫፉን ዘግቶ ሲሄድ፣ ደጁ ባለው አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ስሙ የተጻፈበት አግዳሚ ወንበር አቆመልን። የከተማው ገንዘብ፣ የእኛም ግብር ጭምር፣ የሚቀመጠው በዚሁ ባንክ ነበር። በከተማው ደንብ መሠረት እንዲህ ያለ ባንክ ለነዋሪው ያደረገውን በየዓመቱ ለከተማው ምክር ቤት ማስረዳት አለበት።

ዘንድሮ የባንኩ ተወካይ ሚስተር ዊትኮም ቀረበና የወንበሩን ፎቶ አሳየ።

«ለሰፈሩ ያለንን ፍቅር መግለጫ ነው» አለ።

ጎረቤቴ ሚስ ኤርነስቲን ብድግ አለች። ፀጉር ቤቷን ለማደስ ብድር ጠይቃ፣ ይኸው ባንክ ያለ በቂ ምክንያት ከልክሏታል።

«የኔ ልጅ፣ እዚያ ላይ ማን እንደሚቀመጥ ታውቃለህ? እናንተ ጋ ለመድረስ ሁለት አውቶቡስ የምንቀያይረው እኛ ነን!»

አዳራሹ በሳቅና በጩኸት ተናወጠ።

«እመቤት፣ ተራዎ አይደለም» አላት ሰብሳቢው።

«ቅርንጫፉ ሲዘጋስ ተራሽ ነው፣ ተናገሪ ያለኝ ማን አለ?»

 ሰብሳቢው ወደ ተወካዩ ዞረ። «አምና በዚያ ሰፈር ለስንት ሰው አበደራችሁ?»

«አጣርቼ አሳውቅዎታለሁ።»

«ይህን ሳታውቅ ነው የመጣኸው?»

ድምፅ ተሰጠ፤ የከተማው ገንዘብ ከባንኩ እንዲወጣ ተወሰነ።

ከሚስ ኤርነስቲን ጋር ስንወጣ ሚስተር ዊትኮም ደረጃው ላይ ደረሰብን። ፊቱ ቀልቷል።

«እንግዲያው ወንበሩንም እናነሳዋለን።»

«አንሱት!» አለችው። «አውቶቡስ ቆመን እንጠብቃለን። ወደ እናንተ የሚወስደውን ግን አይደለም።»