በጉርሻ የታሰረች እጅ

በሺር ቀኝ እጁ ከዛለ አራተኛ ወሩን ይዟል። ከጅቡቲ ኮምቦልቻ ተሳቢ ሲያመላልስ የኖረ ሰው፣ ስትሮክ ከመታው ወዲህ መሪ የለመደች እጁ ጭኑ ላይ ተኝታ ቀርታለች። በግራ መብላት ነውር ነውና ሚስቱ ፋኢዛ ታጎርሰዋለች፤ እሷ ፋብሪካ ስትውል ደግሞ ልጃቸው ኢንሻራህ። ሰደቃ ሲጠራ ግን ከቤት አይወጣም። እንደ ጨቅላ አፌን ከፍቼ ሰው ፊት አልቀመጥም ባይ ነው።

ፋኢዛ ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ፣ የቀረውን ከሬዲዮ የለቀመች ሴት ናት። ያልገባት ቃል ካለ ሳትጠይቅ አታልፍም። የዚያን ቀን ከበሺር ጋር ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ሲደርሱ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ጸጋው ጠረጴዛ ላይ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አየች። የሽፋኑን ቃል ፊደል በፊደል ለቅማ ትርጉሙን ጠየቀችው።

ጸጋው የበሺርን ጣቶች አንድ በአንድ እያፍታታ መለሰላት። ኪኔሲስ ይባላል፤ የግሪክ ቃል ነው፤ መንቀሳቀስ ማለት ነው። ሲኒማም የበቀለው ከዚያው ሥር ነው። የድሮ ፊልም ላይ እያንዳንዷ ሥዕል ቆማ ነው ያለችው፤ ከቀጣይዋ የምትለየው በፀጉር ስንጥቅ ነው። ተከታትለው ሲያልፉ ግን ሰውየው ይራመዳል።

«የኔ ፊልም መጀመሪያዋ ሥዕል ላይ ተበጥሷል» አለ በሺር።

ጸጋው አልሳቀም። «ጋሽ በሺር፣ ቤት ማነው የሚያጎርስዎት?»

«እሷ ናታ፣ አላህ ይስጣት።»

«ታዲያ እጅዎ ምን ቸግሯት ትነሳ?»

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ለፋኢዛ ነገሩ ገባት። ከአላህ አጅር አገኝበታለሁ ያለችው ጉርሻ እጁን አስሮ ኖሯል።

በማግስቱ ምሳ አቅርባ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። በሺር ጠበቀ።

«ረሳሽኝ እንዴ?»

«አልረሳሁህም። አብሽር፣ እጠብቅሃለሁ።»

ተቆጥቶ ሳይበላ ተነሳ። ፋኢዛ ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ ማታ ግን ያንኑ ሳህን መልሳ አቀረበች። በሺር በግራው ቀኙን ደግፎ ሦስት ጉርሻ ጎረሰና ደከመው። በሳምንቱ ቀኙ ብቻዋን ቁራሽ ዳቦ ይዛ እስከ ደረቱ ደረሰች፤ እዚያ ወደቀባት። ከታመመ ወዲህ ፋኢዛ በሺር ሲስቅ ያየችው ያን ቀን ነው።

ጁምዓ ዕለት በከሰዓቱ የአስር ሰላት ላይ እሷ ቀድማ ሰግዳ ጨረሰች። በሺር ወንበር ላይ ሆኖ የመጨረሻው ተሸሁድ ላይ ነበር። ያቺ ለአላህ አንድነት የምትነሳው የቀኝ እጁ አመልካች ጣት ከጭኑ ላይ ስትንቀጠቀጥ አየቻት። በፀጉር ስንጥቅ ተነሳች። ከዚያም ትንሽ ጨመረች።

አሰላምቶ ጨረሰ። ሰጋጃዋን እያጠፈች ሳለ ድምፁን ሰማች።

«የጎረቤታችን የሱሌማን ሰደቃ እሁድ ነው ያልሽኝ?»

«እሁድ ነው።»

«እንግዲያ ነጩን ጀለቢያዬን እጠቢልኝ።»