የስብሰባው ቆሎ

"ለስላሳና ብስኩት ይቅር፤ ጤናማ ነገር ይቅረብ" ያሉት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ራሳቸው ነበሩ። ምግብ አቅራቢዋ ቶይባም የመርሳ ከተማን ፓፓያ ቆራርጣ፣ ሽንብራ ቆልታ ለሠራተኞቹ ስብሰባ ይዛ መጣች። ከወልድያ በኩል ከባድ መሣሪያ ያጓራል። ኃላፊው ግን "ጦርነቱ እዚህ አይደርስም፤ ማንም ከሥራው ንቅንቅ እንዳይል!" ይላሉ።

ቶይባ ቤት የተዋቻቸው ልጆቿ እያሳሰቧት በሩ ላይ ቁጭ ብድግ ትላለች። ፓፓያውን የነካው የለም። ቆሎው ግን ሁለት ጊዜ ሞልታው ሁለት ጊዜ አለቀ፤ የሚያኝክ ሰው ደግሞ አላየችም። "ጅን ነው እንዴ የሚበላው?" ብላ በገነች።

ስብሰባው ሲበተን የሁሉም ኪስ አብጧል። ኃላፊው የመጨረሻውን ሳህን ቆሎ ቦርሳቸው ውስጥ ሲገለብጡ ከቶይባ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

"አይ ንቅንቅ አለማለት፣ የመንገድ ስንቅ ቋጥሮ!" አለችና ሳህኖቿን እዚያው ትታ ወደ ልጆቿ ሮጠች።